ሚኒሞ የማትይዘው መኪና

ጠባዬ ነው፤ መኪና ሲታመምብኝ እናደዳለሁ እንጂ አላዝንም። ሰው ሲታመም ሆዴ ይባባል፤ መኪና ግን ሆን ብላ የምታደርገው ይመስለኛል። ቆቦ ላይ የነዳኋት መኪና ይህን እምነቴን በየጠዋቱ ታጸናልኝ ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ድርቁ ከመምጣቱ በፊት ከነበሩት ደኅና ዓመታት አንዱ። መሥሪያ ቤታችን በራያ ቆላ ውሃ እየፈለገ ጉድጓድ ያስቆፍር ነበር። ዋናው ቢሮ ደሴ ነው። ቆቦ ላይ አንድ ኃላፊ፣ ጥቂት ሠራተኞችና ሾፌሩ እኔ ነበርን። መኪናዋን ትቶልን የሄደው ውሃ ሊያጠና መጥቶ የነበረ ፈረንጅ ነው። ሊሄድ ሲል ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን በጣቱ እያሳየ ለኃላፊያችን ብዙ ነገር ተናገረ። ኃላፊያችን ራሱን እየነቀነቀ ሰማው። በኋላ "ምን አለ?" ብዬ ብጠይቀው "ጥሩ መኪና ናት አለ" ብሎኝ ገባ። ያን ያህል የለፈለፈው ለዚህች ብቻ እንዳልነበር ሳውቅ ጊዜው አልፎ ነበር።

ከጀርመን የመጣች፣ ቀለሟ እንዳረጀ ጥርስ ቢጫ ቢጤ የሆነ መኪና ነበረች። ካርቦራተር የላትም። እኔ ሥራ የለመድኩባቸው መኪኖች ቤንዚንና አየር የሚያደባልቁት በካርቦራተር ነው፤ ሲያስቸግር ትፈታዋለህ፣ በአፍህ እፍ ትለዋለህ፣ ትገጥመዋለህ፣ አለቀ። ይቺ ግን የምትስበውን አየር በአንዲት ትንሽ በር ትመዝናለች፤ በሯ ምን ያህል እንደተከፈተች ከመቀመጫ ሥር ላለ የቆርቆሮ ሣጥን በሽቦ ትነግረዋለች፤ ሣጥኑ ደግሞ ለየሲሊንደሩ ይህን ያህል ቤንዚን ይረጭ ብሎ ያዛል። ኢንጀክሽን ይሉታል። ትእዛዝ ሁሉ ከላይ በሚመጣበት ዘመን የኔ መኪና ከመቀመጫ ሥር ነበር የምትታዘዘው። ይህን ቀልድ የነገርኩት ለባለቤቴ ብቻ ነው፤ እሷም ድምፄን ዝቅ እንዳደርግ በዓይኗ ጠቀሰችኝ።

ችግሩ የጀመረው ብርዱ ሲገባ ነው። ቆላ ብርድ አለው ወይ የሚል ካለ ኅዳር ላይ ጎሕ ሲቀድ ቆቦ ወጥቶ ይቁም፤ ከዞብል ተራራ በኩል የሚመጣው ንፋስ ይነግረዋል። ሞተር ከተነሳ በኋላ እግርህን ከቤንዚን መስጫው ላይ ብታነሳም በራሱ ቀስ እያለ መዞር አለበት። እኛ ሾፌሮች ሚኒሞ የምንለው ይህን ነው። ይቺ ጠዋት ስትነሳ ትስላለች፣ ትርገፈገፋለች፣ የመስኮቷ መስተዋት ሳይቀር ይንቀጫቀጫል። ቤንዚን ስሰጣት ትታነቃለች፤ ስተዋት ትጠፋለች። ባትሪው እስኪደክም ስንታገል ቆይተን ሞተሩ ሲሞቅላት ግን ምንም እንዳላጠፋች ሁሉ ጸጥ ብላ ትዞራለች። ይህቺ ጨዋነቷ ናት ይበልጥ የምታበግነኝ።

ማታ ማታ የምትቆመው እኔ ግቢ፣ ቁርቁራው ዛፍ ሥር ስለነበረ ትግላችንን ጎረቤት ሁሉ ያውቀዋል። አንዷ ጎረቤታችን ወባ ነው አለች። አልተሳሳተችም፤ ሁኔታው ቁርጥ ወባ ነበር። በሰዓቱ ይመጣል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ያልባል፣ ይለቃል፣ በማግስቱ በዚያው ሰዓት ይመለሳል። ባለቤቴ ይህን ሰምታ ማታ ማታ አሮጌ ቡልኮ ኮፈኑ ላይ ታለብስላት ጀመር። "ሰው ምን ይለናል?" ብላት "ብርድ ላይ ጥለዋት ያድራሉ ከሚለን ይሻላል" አለችኝ። ቡልኮው ምንም አልፈየደም፤ ዶሮዎቹ ግን ወደዱት።

እኔም የማውቀውን ሁሉ ሞከርኩ። እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎች ፈትቼ በሽቦ ብሩሽ አጸዳሁ። ኤሌክትሪኩን የሚያቆራርጠውን ፑንቲና አስተካከልኩ። የቤንዚን ማጣሪያውን ለወጥኩ፣ ቤንዚኑንም ውሃ ይኖርበታል ብዬ በጨርቅ አጠለልኩ። የሚኒሞውን ብሎን ከፍ አድርጌ ባስርላት ጠዋት ትንሽ ቆመችልኝና፣ ቀትር ላይ ሮቢት ገበያ መሀል ሳቆማት ሞተሩ ብቻውን እየጮኸ አህዮቹን ሁሉ አስደነበረ። ብሎኑን መለስኩት። አንድ ቀን ጠዋት ራዲያተሩ ውስጥ የፈላ ውሃ ጨመርኩ፤ ባሰባት። ለካ ሣጥኑ ሞተሩ የሞቀ መስሎት ቤንዚኑን ቀንሶባት ኖሯል። ይህንንም ያወቅኩት በኋላ ነው።

ነገሩ ቀልድ መሆኑ የቀረው ኃላፊያችን ከደሴ ስብሰባ ሲመለስ ነው። ደግ ሰው ነበር፤ ክፉ ወሬ ሲያመጣ ፊት ለፊት አያይህም። የውሃ ሥራ ጠዋት ነው፤ የቆቦ ፀሐይ አናት ላይ ከወጣች ወዲያ ጉድጓድ የሚለካም የሚቆፍርም የለም። እኛ ደግሞ ጠዋቱን የምንጨርሰው መኪና በማስነሳት ነበር። "ደሴዎቹ ሰምተዋል" አለኝ ጫማውን እያየ። "የሚቀጥለው ገበያ ባለፈ ማግስት በጠዋት ደሴ እሄድባታለሁ። ተነስታ ሚኒሞ ከያዘች ወደዚህ ትመለሳለች። ካልያዘች እዚያው ትቅር ብለዋል፤ ለቆቦ መኪናና ሰው ከደሴ እየተላከ ይሠራል።" "እኔስ?" አልኩት። "አንተማ ሾፌሯ ነህ" አለኝ።

እውነቱን ልናገር፤ ለኔ ደሴ ቅጣት አልነበረም። የደሴ ልጅ ነኝ። እናቴ እዚያ ናት፣ አየሩ እዚያ ነው፣ ያደግኩበት ሰፈር እዚያ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሻንጣዬን በአንድ እጄ አንስቼ በሄድኩ። ነገር ግን ቃል ነበረብኝ።

ባለቤቴን ያገባኋት የዚያን ዓመት አዝመራ ከመግባቱ በፊት በነበረው በጋ ነው። ከዋጃ ወዲህ ካለ መንደር ናት። አባቷ ማሽላ የሚያርሱ፣ ግመልና ከብትም ያላቸው የራያ ሰው ነበሩ። ለኒካሑ በተቀመጥን ቀን ሽማግሌዎቹ ስለ መህሩ፣ ለሙሽራዋ ስለሚሰጠው ስጦታ፣ ሲነጋገሩ እሳቸው ዝም ብለው አዳመጡ። ሁሉም ካለቀ በኋላ ወደ እኔ ዞሩና "እኔ የምለው አንድ ነገር ነው" አሉ። "ከገበያ እስከ ገበያ ልጄን ልያት። አገሬ እወስዳታለሁ የምትል እንደሆን አሁኑኑ ንገረኝ፣ በሰላም እንለያይ።" አንዱ ወንድ ልጃቸው ዘምቷል፤ ሌላው አሰብ ወደብ ሥራ ብሎ ወርዶ ወሬው ከጠፋ ከርሟል። የቀረቻቸው እሷ ብቻ ናት። "ቆቦ ነው የምኖረው፣ ወላሂ" አልኩ። ፋቲሓ ተቀራ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ገበያ ሳይጎድሉ መጡ።

ሲመጡ ግመላቸውን ከአጥሩ ውጭ አንበርክከው ይገባሉ። እሸት ሲኖር እሸት፣ ወተት ሲኖር ወተት ይዘው ነው። ከዚያ ቁርቁራው ሥር ቁጭ ይላሉ። እጃቸው ሥራ መፍታት አይወድም። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ጉድጓድ ቦታ ስንመላለስ የመኪናዋ ኮፈን መቆለፊያ ተሰብሮ በሽቦ አስሬ ስንገላታ አይተው፣ በሚቀጥለው ገበያ አንድ ጠፍር ሠርተው መጡ። ከበሬ ቆዳ የተቀደደ፣ የለፋ፣ ጫፉ ላይ ቋጠሮ ያለው፣ ሽቦዬን ያሳፈረ ጠፍር ነበር። ኮፈኑን ከፊት አስረው "ይሄ እንኳን መኪና በሬም ይይዛል" አሉ። ቆዳ በዚያ ፀሐይ ሞራ ካልጠጣ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ምራን ቢሉ፣ ጠፍር ቢሉ፣ የግመል መጫኛ ቢሉ ሳይቀባ የሚከርም ዕቃ ቤታቸው የለም። ስለዚህ በየገበያው የሞራ ጣሳቸውን ይዘው እየመጡ ጠፍራቸውን ያሹት ነበር። በቆቦ ገበያ ቀን ቁፋሮ ስለሌለ መኪናዋ ግቢ ትውላለች፤ እኔ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቢሮ ነኝ፤ ማታ ስመጣ ጠፍሩ እያብለጨለጨ አገኘዋለሁ፣ ደስም ይለኛል። በዚያን ጊዜ መኪናዋ ላይ የሚያኮራኝ እሱ ብቻ ነበር።

ኃላፊያችን ቀኑን ከቆረጠ በኋላ አላማጣ ያለው ሜካኒክ ጋ ሄድኩ። አስመራ ሥራ የተማረ፣ ፀጉሩ የሸበተ፣ በዚያ መንገድ የታወቀ ሰው ነው። ጋራዡ በር ላይ ሞተሩን ሳላጠፋ ጠፍሩን ፈትቼ ኮፈኑን ከፈትኩለት። የልብስ ስፌት መኪና መስላ ትዞራለች። ሜካኒኩ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆየና "ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ይህቺ ምንም አልሆነችም። አንተ ነህ የታመምከው" አለኝ።

"ጠዋት ብታያት እንዲህ አትልም።"

"ታዲያ ጠዋት አምጣታ።"

"ከቆቦ እዚህ እስክደርስ ትሞቃለች። ስትሞቅ ትተወዋለች። ያንን እኮ ነው የምልህ" አልኩት፤ ድምፄም ከፍ ሳይል አልቀረም።

ሳቀብኝ። "የብርድ ሕመም በብርድ ነው የሚታየው" አለ። "እዚሁ ትደር። ጠዋት እኔ ሳልመጣ ቁልፍ እንዳትነካ።" ያን ሁሉ ቀን ስናደድ ይህቺ ቀላል ነገር እንዴት እንዳልመጣችልኝ እንጃ። የማደሪያ ፈቃድ ወረቀት ኃላፊያችን አስቀድሞ ጽፎልኝ ነበር፤ እሱ እንኳ ከኔ የበለጠ አስቦበታል።

ጎሕ ሲቀድ ሜካኒኩ ፎጣ ለብሶ መጣና መዳፉን ሞተሩ ላይ አሳረፈ። "ቀዝቅዛለች። አስነሳት" አለኝ። አስነሳሁ። ተርገፈገፈች፣ ሳለች፣ መስተዋቶቿ ጮኹ። በሕይወቴ መኪና ስትንቀጠቀጥብኝ ደስ ያለኝ ያን ጠዋት ብቻ ነው። "አየህ! አየህ!" እላለሁ እንደ ልጅ። እሱ ግን አላየኝም። አንድ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ አንስቶ አንዱን ጫፍ ጆሮው ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ላይ እያደረገ ቀስ ብሎ ያዳምጥ ጀመር። በቀኝ አዳመጠ፣ በግራ አዳመጠ። አየሩን ከምትመዝነው ትንሽ በር ወደ ሞተሩ የሚወስድ እንደ አኮርዲዮን እጥፍጥፍ ያለ ወፍራም ጎማ አለ፤ እሱ ጋ ሲደርስ ቆመ። ቱቦውን ጥሎ ጎማውን በሁለት እጁ ጨምቆ ያዘው። ሞተሩ ጸጥ አለ። ለቀቀው፤ ተንቀጠቀጠች። ደግሞ ያዘው፤ ጸጥ አለች።

"ይኸው። አየር የሚሾልከው በዚህ ነው" አለኝ። "በሯ ላይ የተመዘነውን አየር ሣጥኑ ያውቀዋል፤ ከበሯ በኋላ በቀዳዳ የሚገባውን ግን አያውቀውም። ኬላ ሳይነካ የገባ አየር ነው። አየሩ ሲበዛ ቤንዚኑ ያንሳል፤ ሞተር ደግሞ ሲቀዘቅዝ ብዙ ቤንዚን ነው የሚፈልገው። ስለዚህ ይንቀጠቀጣል። ሲሞቅ ጎማው ለስልሶ ስንጥቁን ይደፍነዋል፣ ቤንዚንም ብዙ አይፈልግም። ይኸው ነው።"

ነገሩ እንዲህ ሲገባኝ ደረቴ ቀለለኝ። ሜካኒኩ ግን እጁን እያሻሸ ነበር። ጣቱን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተተና ወደ እኔ አዞረው። "ይሄ የሞተር ዘይት አይደለም። ምንድን ነው የቀባችሁት?" ቀረብ ብዬ አሸተትኩ። ሞራ ነው። ወፍራሙ ጎማ ብቻ አልነበረም፤ ቀጫጭኖቹ ቱቦዎች ሁሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥንቅቅ ተደርገው ሞራ ጠጥተዋል። ሜካኒኩ ራሱን ነቀነቀ። "ጎማ ስብ አይወድም። ያብጣል፣ ይላላል፣ ከማጥበቂያው ሥር ይንሸራተታል፣ ኋላም ይቀደዳል። የትኛው ጅል ነው ይህን የሠራው?" እኔም የትኛው ጅል ነው ልል አፌን ከፈትኩ። ያኔ ጣሳው ትዝ አለኝ፣ ቁርቁራው ሥር የተቀመጡት ሰውዬ ትዝ አሉኝ። አፌን ዘጋሁ። ሜካኒኩም መልስ አልጠበቀም።

መለዋወጫ የሚባል ነገር በዚያ ዘመን ስሙን እንጂ መልኩን አናውቀውም። ጎማውን ፈትቶ በሳሙናና በሙቅ ውሃ ደጋግሞ አጠበው፤ ስንጥቁ ላይ ከጭነት መኪና የውስጥ ጎማ፣ ከካመራዳሪ፣ የቀደደውን ላስቲክ እንደ ፋሻ ጥብቅ አድርጎ ጠቀለለ። ቀጫጭኖቹን ቱቦዎች ደህና ደህና ቦታቸውን አስቀርቶ የበሰበሰውን ጫፍ ቆረጠ። ሲገጥመው ሞተሩ ገና አልሞቀም ነበር። አስነሳሁ። አንዴ ሳል አደረገችና ያዘች። እግሬን አንስቼ ቁጭ አልኩ። መስተዋቱ አልተንቀጫቀጠም። ልቅሶ ሊመጣኝ ምንም አልቀረው፤ ለመኪና አላዝንም ያልኩት ሰውዬ። ስሰናበት ግን ሜካኒኩ በመስኮት አጎንብሶ "ይሄ የሚቆየው ስብ እስካልነካው ነው" አለኝ። "አንድ ጊዜ ብቻ ሞራ ያግኘው፣ ላስቲኩ ተንሸራቶ በማግስቱ እዚያው ነህ።"

በማግስቱ ገበያ ነው። ከገበያው ማግስት ደግሞ የደሴው ጉዞ። መንገዱን ሁሉ ይህን ሳሰላስል ነዳሁ። አማት እንዲህ አጠፉ አይባልም፤ እንኳን ማጥፋታቸውን መናገር ፊታቸው ጮክ ብሎ ማውራትም ነውር ነው። ጠፍሩን ደብቄ ኮፈኑን በሽቦ ልሰር አልኩ፤ ያኔ ጠፍራቸውን እንደናቅኩ ይቆጠራል። መኪናዋን ቢሮ ላሳድር አልኩ፤ እግራቸው ቢሮም ድረስ ይሄዳል። ሞራ አለቀ እንዲሉ ጣሳውን ልስረቅ አልኩ። እንዲህ ያለ ሐሳብ ያስባል አንድ ትልቅ ሰው።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች፤ መቀመጫ እስክትፈልግ ሳቀች። ከዚያ ድንገት ሳቋ ቆመ። "እኔ ነግሬው ነበር" አለችኝ። "ገና መታመም ስትጀምር፣ ካልዳነች ደሴ ይወስዱናል ብዬ ፈርቼ ነግሬው ነበር። ከዚያ ወዲህ እኮ ነው ከገበያተኛው ሁሉ ቀድሞ የሚመጣው። ደርሶ ሻይ እንኳ ሳይቀምስ ጠፍሩን ፈትቶ ኮፈኑን ነው የሚከፍተው።" ያኔ ነገሩ ሁሉ ወለል ብሎ ታየኝ። መኪናዋ በተንቀጠቀጠች ቁጥር ሞራ ይጨምሩላታል፤ ሞራ በጨመሩላት ቁጥር ትንቀጠቀጣለች። ልጃቸውን ላለማጣት እንደ እሳቸው የለፋ ሰው አልነበረም፤ ልጃቸውን ሊያስወስዱ የደረሱትም እሳቸው ብቻ ነበሩ።

"ምን ይሻላል?" አልኳት።

"ንገረው።"

"አማቴ እኮ ናቸው።"

"አባቴ እኮ ነው" አለችኝ። "እኔ ብነግረው የልጅ ወሬ ነው ብሎ ይስቃል። አንተ ንገረው።"

በማግስቱ ገና ጥላው ሳያጥር ግመላቸው አጥሩ ጋ ተንበረከከ። ከኃላፊያችን ፈቃድ ወስጄ ሥራ ቀርቼ ጠበቅኳቸው። ሰላምታችንን እንደ ወጉ አዳረስን፤ ከብቱ ደኅና፣ ማሽላው ደኅና፣ አልሐምዱሊላህ። ከዚያ ቁርቁራው ሥር ተቀምጠው ጣሳቸውን ከመጫኛው አወጡ። ክዳኑን ሊከፍቱ ሲሉ "አባ፣ ዛሬ ባይቀቡት" አልኩ። አልሰሙኝም፤ ደግሜ ተናገርኩት።

"ምነው ልጄ?"

ነገርኳቸው። ስለ አየሩ፣ ስለ በሯ፣ ስለ ሣጥኑ ልነግር አስቤ ነበር፤ ሁሉም ከአፌ ጠፋና የቀረው ይህ ብቻ ሆነ። "ውስጥ ያለው ጥቁሩ ነገር ቆዳ አይደለም አባ። ጎማ ነው። ጎማ ሞራ ሲነካው ይበሰብሳል። የሚያንቀጠቅጣት እሱ ኖሯል።"

ጣሳውን ጭናቸው ላይ አደረጉት። ግመሉ ሲያመሰኳ ይሰማኛል። ባለቤቴ በር ላይ መጥታ ቆማለች። በመጨረሻ ቀና አሉና "እንግዲያ ልጄን ከዚህ ላስነሳት የነበርሁ እኔው ነኝ?" አሉኝ።

የለም ልላቸው ፈለግኩ። ውሸቱ አፌ ላይ ነበር፤ ደግ ውሸትም ነበር። ግን ለስለስ ብዬ ብዋሽ ነገ ከነገ ወዲያ ጣሳው ይከፈታል። "አዎ አባ" አልኩ።

አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ወደ መኪናዋ እያዩ "ሲያብለጨልጭ ጊዜ ቆዳ መሰለኝ" አሉ። "የምን አውሬ ቆዳ ይሆን ብዬ ብዙ አስቤያለሁ። እንዲያ የወፈረና የተጨማደደ የዝሆን ነው አልሁ።" ይህን ሲሉ ከንፈራቸው ጫፍ ላይ የሆነች ነገር ተንቀሳቀሰች። እኔ ሳቄን ማፈን አቃተኝ። ባለቤቴ በር ላይ ሆና ፈነዳች። አማቴም ሳቁ፤ ፎጣቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ዓይናቸውን የጠረጉበት ፎጣ የሳቅ እንባ ብቻ እንዳልነበረበት ሦስታችንም አውቀናል።

ያን ቀን ወደ አገራቸው አልተመለሱም። ልጃቸው ቤት አድረው አያውቁም ነበር፤ ያን ምሽት ግን "ነጋቷን ልይ" አሉ። ጎሕ ሲቀድ ኃላፊያችን ቦርሳውን ይዞ መጣ። አማቴ አጥሩ ጋ፣ ከመኪናዋ ርቀው፣ ሁለት እጃቸውን ፎጣቸው ውስጥ ከትተው ቆመዋል። ብርድ መስሎኝ ነበር፤ በኋላ ስረዳው እንዳይነኳት ፈርተው ነው። ቁልፉን አዞርኩ። አንዴ ሳለች። ከዚያ ያዘች። እግሬን አነሳሁ። ኃላፊያችን ጆሮውን ጣል አድርጎ አዳመጠና "እህ" አለ። ቦርሳውን ከኋላ አስቀምጦ ወንበሩን ያስተካክል ጀመር።

አማቴ ቀስ ብለው ወደ መስኮቴ መጡ። "አልሐምዱሊላህ" አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ቀንሰው "ከእንግዲህ ወዲህ እኔ ምን ላድርግላት?" ብለው ጠየቁኝ። ስለ መኪናዋ ብቻ እየጠየቁኝ እንዳልነበረ ገባኝ።

"ምንም አባ። አንቱ ብቻ ይምጡ።"

"ባዶ እጄን? ልጄ ቤት?"

"ባዶ እጅዎን።"

ሐሳቡ አልተዋጠላቸውም፤ ፊታቸው ላይ አየሁት። ደሴ ደርሰን በነጋታው ሌላ ብርድ፣ ከቆቦውም የባሰ ብርድ ላይ አስነሳኋት፤ ያዘች። አለቆቹ አይተው "እዚያው ቆቦ ትሥራ" አሉ። እናቴን ሳምኳት፣ ማር በጠርሙስ ተቀብያት ተመለስኩ፤ መንገዱን ሁሉ እያንጎራጎርኩ ነበር።

በሚቀጥለው ገበያ አማቴ መጡ። ግመሉን አንበረከኩ። እሸት የለም፣ ወተት የለም፣ ጣሳ የለም። የግቢው በር ላይ ቆመው እጆቻቸውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ትንሽ አመነቱ። ከዚያ ገቡ።